ግማሽ ክኒን

እስከዳር ክኒኗን በምላጭ ለሁለት ስትከፍላት አንደኛው ግማሽ ተስፈንጥሮ ከስፌት መኪናው ሥር ገባ። ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ ስትዳብስ ከጓዳ የአክስቷ ድምፅ ተሰማ።

«እስኩ፣ ምነውሳ? ውኃው ጠፋሽ?»

«መጣሁ እትዬ!»

ቁራጩን ከክርና ከጨርቅ ብጥስጣሽ መሀል አገኘችው። በሹራቧ እጅጌ ጠረግ አድርጋ ወደ አፏ ወረወረችው፤ ያለ ውኃ ዋጠችው። ሌላውን ግማሽ ይዛ ገባች።

አክስቷ ሥራነሽ ነጠላዋን ተከናንባ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን ጨፍና «አባታችን ሆይ»ን እየደገመች ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ናት። ጸሎቷን ሳታቋርጥ መዳፏን ትዘረጋለች፤ እስከዳር ክኒኗን ታስቀምጥላታለች፤ ሥራነሽ አማትባ ትውጥና ውኃውን ትጨልጠዋለች። ክኒኗን ገልጣ አይታት አታውቅም። ዓይኗን ስትከፍት የምታየው ያቀበለቻትን ልጅ ነው።

«ተባረኪ ልጄ። የጠየቅሽውን የማይነሳ አምላክ ይስጥሽ» አለች።

እስከዳር ብርጭቆውን ተቀብላ ፊቷን አዞረች። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ምርቃት ሲነገራት እስከ ጆሮዋ ድረስ ያቃጥላት ነበር። አሁን አሁን ማቃጠሉ ቶሎ ይበርድላታል። ቶሎ መብረዱ ደግሞ ለብቻው ያሳፍራታል።

ሥራነሽ በደብረ ማርቆስ የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ሁለት ክፍል ሲሆን በመንገዱ በኩል ያለው የስፌት ቤቷ ነው። ልጅ የላትም። የወንድሟ ልጅ እስከዳር ከይጁቤ ወዲያ ካለው ገጠር ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ስትመጣ፣ «የማንንም ቤት አትከራይም፤ እኔ እያለሁ!» ብላ የተቀበለቻት እሷ ነች።

ቀደም ባሉት ዓመታት ሥራነሽ አንገቷ ላይ ትልቅ እንቅርት ነበረባት። ባሕር ዳር ሄዳ በቀዶ ሕክምና አስወጣችው። ሐኪሞቹ ታዲያ አንድ ነገር አስጠንቅቀው ሰደዷት። እንቅርቱ ሲወጣ ሰውነቷን የሚያንቀሳቅሰው ቅመም አብሮ ስለቀረ፣ በእሱ ምትክ በየጠዋቱ እህል ከመቅመሷ በፊት አንድ ነጭ ክኒን መዋጥ አለባት፤ ዕድሜ ልኳን። ሥራነሽ ደግሞ ለሰው ልብስ ልኬት እንጂ ለራሷ ነገር ዝንጉ ናት። እስከዳር የመጣች ሰሞን የክኒኑን ብልቃጥ አንሥታ አስረከበቻት።

«በቃ፣ ነፍሴን ላንቺ አደራ ሰጠሁ» ብላ ሳቀች።

እስከዳር ገጠር ሳለች ስለ ሰውነቷ ተጨንቃ አታውቅም። እናቷ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ወዟን አያችሁልኝ? የጥጋብ ቤት ልጅ አትመስልም?» እያለች ትኮራባት ነበር። ከተማው ግን ሌላ ሆነ። ባጃጅ ውስጥ ስትገባ ሾፌሩ ጎማውን ጎንበስ ብሎ አየና ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ክፍል ውስጥ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። በሁለተኛው ሳምንት አጠገቧ የተቀመጠው ይስማው የሚባል ልጅ እሷ ቁጭ ስትል ሆን ብሎ ከዴስኩ ጫፍ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

«ሲኖትራክ ገጨኝ! ፖሊስ ጥሩልኝ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩ እንኳ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየችው። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሟ «ሲኖ» ሆነ። ስም ሲጠራ «አቤት» የምትለው እስከዳር ሌላ፣ በእረፍት ሰዓት የምትጠራው ሲኖ ሌላ።

ከክፍሉ ልጆች ስሟን በደንብ የምትጠራት መሲ ነበረች። የክኒኑን ነገር ያመጣችውም መሲ ናት።

«እህቴ የነገረችኝን ልንገርሽ?» አለቻት አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ፀሐይ እየሞቁ። የመሲ እህት ዩኒቨርሲቲ የምትማር ስለሆነች የተናገረችው ሁሉ መሲ ዘንድ እንደ ወንጌል ነው። «አዲስ አበባ ያሉት ሴቶች ስፖርት ሠርተው የሚከሱ ይመስልሻል? በክኒን ነው። በሐኪም ወረቀት የሚገዛ ክኒን አለ። ስቡን ያቀልጠዋል አለችኝ።»

«ውሸቷን ነው።»

«ሙች! የእንቅርት መድኃኒት ነው አለች።» መሲ ድንገት ቆም አለችና ጉልበቷን መታች። «እንዴ! አክስትሽ የምትውጠው እሱን አይደል እንዴ?»

የእስከዳር ልብ ግን መልሱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ግማሿን ብትወስጂ ምን ትሆናለች? አታካብጂ ባክሽ። እሷ እንደሆነ ድናለች፤ እንቅርቱ ወጥቶላት የለ?»

በማግስቱ ጠዋት እስከዳር ከስፌት መኪናው መሳቢያ ምላጭ አወጣች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። መንቀጥቀጡ በኋላ ነው የመጣው።

ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲጋመስ የዩኒፎርሟ ጉርድ ወገቧ ላይ መዞር ጀመረ። በመስታወት ፊት ቆማ ጣቷን በወገቧና በጉርዱ መሀል አስገብታ ስታይ ብቻዋን ሳቀች። ክኒኗ ሠርታለች! ከደስታው ጋር ግን ሌሎች ያልጠራቻቸው እንግዶች መጡ። የማርቆስ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ጠዋት እሷን ላብ ያጠምቃታል። ክፍል ውስጥ ዝም ብላ ተቀምጣ ሳለ ልቧ ዳገት እንደወጣ ሰው ድው ድው ይላል። ስትጽፍ መስመሩ ይጎብጥባታል። ሌሊት እንቅልፍ ይሸሻታል፤ ቀን ደግሞ መሲ ትንሽ ቀልድ ብትቀልድ ትቆጣታለች።

በቤት ውስጥ እንቅልፉ ሁሉ ሥራነሽ ጋር የሄደ ይመስል ነበር። ያቺ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ መኪናዋን የምታስጮኽ ሴት አሁን በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ በር ላይ ትቀመጣለች። «በረደኝ» ነው ቃሏ። ድምፅዋ ጎረነነ፤ ፊቷ ጠዋት ጠዋት አበጥ ይላል። ክር መርፌ ውስጥ አስገብታ ምን ልትሰፋ እንደነበር ትረሳለች። ብዙ አትበላም፤ ግን ትወፍራለች። አንዳንዴ እስከዳር ከራሷ ላይ የቀለጠው ሥጋ ማታ ማታ በጓዳ በኩል አልፎ አክስቷ ላይ የሚለጠፍ ይመስላትና ይዘገንናታል።

አንድ ቀን ሥራነሽ ጠርታት ጉርዷን ለካችላት። ወገቡን ልታጠብብላት ነው። በመርፌ እየያዘች ሳለ እጇ ከወገቧ ላይ ቆየ።

«ከስተሻል እኮ ልጄ። ምን ሆነሽ ነው? እኔ በቅጡ ስላልያዝሁሽ ነው አይደል? ደክሞኝ ምግብ እንኳ በሥርዓቱ አልሠራልሽም።»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም አልሆንሁም።»

«አባትሽ ቢያይሽ ምን ይለኛል? ልጄን አስርበሽ ገደልሻት አይለኝም?»

ምሳ ሲቀርብ ሥራነሽ ወጡን በእንጀራ እየገፋች ሁሉንም ወደ እስከዳር በኩል አደረገችው። ከዚያም አንድ አንድ ጉርሻ ታጎርሳት ጀመር። እስከዳር እያኘከች ቀና ብላ ማየት አቃታት።

የመዘምራኑ ልብስ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ለጥምቀት የሚለብሰውን ቀሚስ በየዓመቱ የምትሰፋው ሥራነሽ ናት፤ ለእሷ ከሥራም ከበረከትም በላይ ነው። ዘንድሮም ጨርቁ ቀደም ብሎ መጣ። ታኅሣሥ ሲገባ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዲያቆን አካለ ወልድ የተሰፋውን ሊያይ ጎራ አለ። ከበሮ መቺ ልጆቹን አስከትሏል፤ ይስማውም ከእነሱ አንዱ ነበር። እስከዳር እሱን ስታይ ወደ ጓዳ ገባችና ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች።

አካለ ወልድ የመጀመሪያውን ቀሚስ አንሥቶ ዘረጋው። ሁለተኛውን ዘረጋው። ሁለቱም እጅጌ የግራ ነበር። ሦስተኛው የአንገቱ ጥለት ወደ ጀርባ ዞሮ ተሰፍቷል። አብዛኛው ጨርቅ ደግሞ መቀስ ሳይነካው እንደታጠፈ ተቀምጧል።

«እትዬ ሥራነሽ» አለ ቀስ ብሎ፤ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ይህ የእርስዎ እጅ ነው ብዬ ለማን ልንገር?»

ሥራነሽ ቀሚሱን ተቀብላ አገላበጠችው። ሰው የሰፋውን የምታይ ነበር የምትመስለው።

«ምን እንደነካኝ እንጃ። ይኸውልህ፣ ፈትቼ አስተካክለዋለሁ። ቀን ስጡኝ ብቻ።»

«በዓሉ እኮ ደረሰ። ይቅርታ ያድርጉልኝ እንጂ ቀሪውን ጨርቅ ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

ልጆቹ ጨርቁን ተሸክመው ሲወጡ ከበር ላይ ጎረቤታቸው ወለተ ሚካኤል ቆማ ነበር። ቅቤ ነጋዴ ናት፤ ቅኔ ቆጥራ ባታውቅም ምላሷ ከባለቅኔ አያንስም። ለሚያልፈው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «አይ የሰው ነገር! ስሟ ሥራ ነሽ፣ ግብሯ ዕረፍት ነሽ ሆነ እኮ!» አለች። ይስማው የሚሳቅበት ነገር አያመልጠውምና ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

ሥራነሽ በሩን ገርበብ አደረገች። መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። ነጠላዋን አውርዳ አንገቷ ላይ ያለውን የቀዶ ጥገና ጠባሳ በጣቷ እየደባበሰች ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም። እስከዳር ግን መጋረጃውን ነክሳ ታለቅስ ነበር። እዚያው ወጥታ መናገር ትችል ነበር። እግሯ አልታዘዝ አላት።

በማግስቱ ምላጩን አላወጣችም። ሙሉ ክኒን ሰጠቻት። በበነጋታውም እንዲሁ። «በቃ፣ ትቻለሁ» አለች ለራሷ። «ማንም ሳያውቅ ይስተካከላል።» ጥቂት ቀን ቀለል አላት።

ያን ሰሞን ግን ክፍል ውስጥ ሴቶቹ ከበቧት።

«እስኩ፣ ፏ ብለሻል በናትሽ!»

«ምን ተጠቅመሽ ነው? ንገሪን እንጂ!»

ይስማው ከወዲያኛው ረድፍ ተንጠራርቶ አያትና፣ «ሲኖዋ ተሽጣ ባጃጅ ተገዛባት እንዴ?» አለ። ክፍሉ ሳቀ። የሚያሳዝነው፣ እስከዳርም ሳቀች። ስድቡ እንደ ሙገሳ ጣፈጣት። ያን ዕለት ማታ ጉርዷን ደጋግማ ለካች፤ የጠበበባት መሰላት። ጠዋት ምላጩ ከመሳቢያው ወጣ። ከዚያ በኋላ እኩል መክፈሉን እንኳ ተወችው፤ ከሁለቱ ቁራጭ ተለቅ ያለውን ለራሷ ታስቀር ጀመር።

ሆስፒታል የሄዱት ከገና በፊት ነው። ሥራነሽ የቀጠሮዋ ቀን ደርሶ ደም ሰጥታ ነበርና ውጤቷን ልትቀበል ነው። ደረጃውን ስትወጣ ስለሚደክማት እስከዳር ክንዷን ደግፋ ሄደች። ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣቻትና፣ «ኧረ እትዬ፣ ጾሙ ተስማምቶዎታል!» አለች እየሳቀች። ሥራነሽ ቶሎ ወርዳ ጫማዋን አጠለቀች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ውጤቱን አየች፤ የበፊቱን ካርድ ገለጠች፤ እንደገና ውጤቱን አየች።

«ወይዘሮ ሥራነሽ፣ መድኃኒቱን አቋርጠዋል።»

«ኧረ በማርያም! አንድ ቀን አላቋረጥሁም።»

«ደምዎ እንዲህ አይልም። ሁልጊዜ መዋጥ ይሰለቻል፤ አውቃለሁ። ግን እኔን ቢዋሹኝ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።»

ሥራነሽ ፊቷ ተለዋወጠ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ እንደ ተማሪ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ውሸት አላውቅም፣ ልጄ። ከዚች ከልጄ እጅ ነው የምውጠው። ጠይቂያት።»

ሐኪሟ ወደ እስከዳር ዞረች። «እውነት ነው? በየቀኑ ትሰጫታለሽ?»

«አዎ» አለች እስከዳር።

ቃሉ ውሸት አልነበረም። በየቀኑ ትሰጣት ነበር። ለዚህም ይሆናል ከውሸት የከፋ ሆኖ የተሰማት።

ሐኪሟ ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ብዕሯን አነሣች። «እንግዲያው መጠኑ አልበቃዎት ይሆናል። ከፍ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።»

ያን ጊዜ እስከዳር ራሷ ውስጥ አንድ ሐሳብ ብልጭ አለ፦ «እንግዲህ ለሁለታችንም ይበቃል።» ሐሳቡ እንደ መጣ ደነገጠች። የሰው ሐሳብ ቢሆን ትጸየፈው ነበር። የራሷ ነው። አክስቷ አጠገቧ ውሸታም ተብላ አንገቷን ደፍታ፣ እሷ ድርሻዋን እያሰላች ነው።

መድኃኒት ቤቱ ደጅ ረጅም ወረፋ ስለነበር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሥራነሽ እንዲህ አለች፦

«ሰንፌ መስሎኝ ነበር እኮ፣ እስኩ።»

«ምን?»

«ሥራ ሲያስጠላኝ፣ ለጸሎት ስቆም እንቅልፍ ሲጥለኝ፣ ስንፍና የገባብኝ መሰለኝ። ሰውም ያንኑ ሲል እሰማለሁ። ለንስሐ አባቴ ለአባ ባዘዘው ነገርኋቸው። ‹አባ፣ እጄ ከሥራ ሸሸ፤ ሰነፍሁ› አልኋቸው። ስግደት ሰጡኝ።» ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። «ስሰግድ ከረምሁ። ለካስ በሽታው ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ውሸታም ተባልሁ። ሰው ራሱን እንዲህ ያጣል?»

እስከዳር ስግደቱን አይታዋለች። ጾሙን ምክንያት አድርጋ የምትሰግድ መስሏት ነበር። በየጠዋቱ አልጋውን ተደግፋ ስትነሣ፣ ጉልበቷ ሲንቋቋ፣ ተንፍሳ ደግማ ስትወድቅ አይታለች። ራሷ የሰጠቻትን ቁራጭ ከዋጠች በኋላ። ላላጠፋችው ጥፋት።

እስከዳር ማዘዣውን እንደያዘች ከወንበሩ ተነሣች። «እትዬ፣ ወረፋውን ጠብቂ። አሁን መጣሁ።»

የሐኪሟ ክፍል በር ላይ ሌላ በሽተኛ እስኪወጣ ቆመች። ልቧ ይመታል፤ በክኒኑ ይሁን በፍርሃት መለየት አልቻለችም። ስትገባ የምትለውን ሁሉ ረስታ አንዱ ብቻ ቀረላት።

«መጠኑ በቂ ነው። ግማሹን እኔ ነኝ የምውጠው።»

ሐኪሟ አልጮኸችም። በሩን ዘጋች፤ አስቀመጠቻት፤ የእጇን ትርታ ይዛ ሰዓቷን አየች። ትርታውን ቆጥራ ስትጨርስ ፊቷ ከበድ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥቅምት።»

«ለመክሳት ነው?»

እስከዳር ራሷን በመነቅነቅ መለሰች። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ «ከስቻለሁ እኮ» አለች። ለመከራከር አልነበረም። ይህ ሁሉ ለከንቱ እንዳልሆነ ከአንድ ሰው መስማት ፈልጋ ነው።

«ከስተሻል። ግን ምንሽ እንደከሳ ታውቂያለሽ? ስብ ብቻ አይደለም፤ የጡንቻሽም ጉልበት ነው። ልብሽ ደግሞ ቆመሽም ተኝተሽም እየሮጠ ነው። መድኃኒቱ የተሠራው ለጎደለው ሰው ሊሞላ ነው። ላልጎደለው ሲሰጥ እንዲህ ያደርጋል። ስትተዪው ደግሞ የሄደው ኪሎ ተመልሶ ይመጣል።»

«ታዲያ የሚያከሳ መድኃኒት የለም ማለት ነው?»

ሐኪሟ ትንሽ አሰበች። «አለ። ክብደቱ በሽታ ለሆነበት ሰው ሐኪም መርምሮ፣ እየተከታተለ የሚሰጠው አለ። እሱም ብቻውን ብዙ አይሠራም። አንቺን ግን እዚህ ያመጣሽ ኪሎሽ አይመስለኝም። ነገ ደም ትሰጫለሽ፤ ልብሽንም እናያለን። ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቁራጭ እንዳትነኪ።» የጻፈችውን ማዘዣ ከእጇ ተቀብላ በቀድሞው መጠን ቀየረችው። «ለአክስትሽ እኔ ልንገራት?»

እስከዳር አዎ ማለት በጣም ፈለገች።

«እኔ እነግራታለሁ» አለች።

ነገረቻት። አግዳሚው ላይ፣ ሰው በሚተላለፍበት መሀል፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ሁሉንም ነገረቻት። ሥራነሽ አላቋረጠቻትም። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ስሰግድ እያየሽኝ?»

«ለጾሙ መስሎኝ ነበር፣ እትዬ። እግዚአብሔርን፣ ለጾሙ መስሎኝ ነው።»

እውነት ነበር። እውነት መሆኑ ምንም አላቀለለውም።

ሥራነሽ መድኃኒቷን ተቀብላ ብቻዋን ደረጃውን ወረደች። እስከዳር ክንዷን ልትደግፋት ስትጠጋ ቀስ ብላ ክንዷን አሸሸችባት። ቤት ሲደርሱ ብልቃጡን ከእስከዳር መደርደሪያ አንሥታ ከራሷ ሣጥን ከተተችው፤ ቆለፈችው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ ካለው ማተብ ጋር አሰረችው።

እራት ቀርቦ ሁለቱም ሳይነኩት ከቆየ በኋላ ነው ሥራነሽ የተናገረችው።

«ምን ነበር የሚሉሽ?»

«ሲኖ። ሲኖትራክ።»

«እኔን ‹ሁለት ራስ› ነበር የሚሉኝ። በእንቅርቴ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነው። «ገበያ ስወጣ ሙቀትም ይሁን ብርድ በሻርፕ ተሸፍኜ ነበር የምወጣው። አንገቴን እስካስቀድድ ድረስ ያፈርሁ ሰው ነኝ። ብትነግሪኝ ኖሮ ይገባኝ ነበር፣ እስኩ። ከሰው ሁሉ ለእኔ ይገባኝ ነበር።»

እስከዳር ይቅርታ ልትል አፏን ከፈተች። አክስቷ ግን «ዛሬ ተዪኝ» ብላ ነጠላዋን ተከናነበች።

ቀናት አለፉ። ሥራነሽ ክኒኗን ራሷ እየዋጠች፣ እስከዳርም እየተመረመረች፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ከረሙ። ሥራነሽ አልሰደበቻትም፤ ለአባቷም አልደወለችም። ምርቃቱ ብቻ ቀረ። መንገድ ላይ ወለተ ሚካኤል አሁንም ያቺኑ ቀልዷን ትደጋግማለች። ወደ ስፌት ቤቷ አሁን የሚመጣ ልብስ የለም። ለእስከዳር የሥራነሽ ጤና ከሣጥኑ ውስጥ ካለው ብልቃጥ ቀስ በቀስ እንደሚመለስ ሐኪሟ ነግራታለች። ስሟን የሚመልስ ብልቃጥ ግን የለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራነሽ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠች እስከዳር ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

«ወዴት ነሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ።»

የሥራነሽ ዓይን መታጠፊያው ድረስ ተከተላት።

ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የከበሮ ድምፅ ይሰማል። መዘምራኑ ለጥምቀት እየተለማመዱ ነው። እስከዳር በሩ ላይ ቆማ መዝሙሩ እስኪያልቅ ጠበቀች። ሁሉም አሉ። የክፍሏ ሴቶች፣ የወለተ ሚካኤል ልጅ፣ ከፊት ደግሞ ከበሮውን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው ይስማው። አዲሱን ቀሚስ የሚለኩም ነበሩ። ያዩዋት ፈገግ ተባባሉ።

ዲያቆን አካለ ወልድ ወደ እሷ መጣ። «እስከዳር፣ ደኅና ነሽ? አክስትሽ ልካሽ ነው?»

«አልላከችኝም። በራሴ ነው የመጣሁት። ስለ ልብሱ የምናገረው አለኝ።»

ፊቷን አይቶ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውጭ ወጣ ብለን እንነጋገር?»

ውጭ ከዋርካው ሥር ማንም አልነበረም። እዚያ ብትናገር የሚሰማት እሱ ብቻ ነው፤ ለሌሎቹ እሱ በጥሩ ቃል ያለዝብላት ይሆናል። ወደ ዋርካው አየች። ከዚያ ወደ አዳራሹ አየች። በሥራነሽ ላይ የተሳቀው በአደባባይ ነበር።

«እዚሁ ይሁን» አለች። «ሁሉም ቢሰሙኝ ነው የሚሻለው።»

ይስማው ከበሮውን መነካካት ተወ።

«እትዬ ሥራነሽ አልሰነፈችም» ብላ ጀመረች።